የጭስ ምርመራ ለወደቀች አሮጌ መኪና፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት

መኪናዋ የጭስ ምርመራ ወደቀች። ወረቀቱን ይዛችሁ ጋራዥ ስትገቡ የመጀመሪያው መልስ ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ «ካታሊስቱ ሞቷል፣ ይቀየር።» ቆይ፣ አትቸኩሉ። ካታሊስት፣ ማለትም የጭስ ማውጫው ላይ ያለው ጭስ ማጽጃ፣ ውድ ነው። በአሮጌ መኪና ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተጎጂ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም። ሞተሩ የሚያበላሸውን እሱ ሲያጸዳ ሲያጸዳ ቆይቶ በመጨረሻ አቃተው። ዋናውን ችግር ሳታገኙ አዲስ ብትገጥሙ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው፤ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ እንደ አሮጌው ይሆናል።

ስለዚህ ፍለጋው ገንዘብ ከማያስወጣው ተነስቶ ወደ ውዱ ነው የሚሄደው። የሚያስፈልጋችሁ የምርመራው ወረቀት፣ ካቻቢቴ፣ ቴስተር (ቮልትና ኦም የሚለካው) እና ትዕግሥት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ከሁሉም በፊት፦ ሞተር አስነስታችሁ የምትሠሩት ሥራ ሁሉ ሜዳ ላይ ወይም በሩ ወለል ብሎ በተከፈተ ቦታ ይሁን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሲገድል አያስታውቅም። የምጽፈው በዋናነት ስለ ቤንዚን ሞተር ነው፤ ናፍጣ የያዛችሁ ወደ ታች ውረዱ።

1. ወረቀቱን አንብቡት

«አላለፈም» የሚለውን ብቻ አይታችሁ ወረቀቱን አጥፋችሁ ኪሳችሁ አትክተቱት። መልሱ ግማሹ እዚያ ላይ ተጽፏል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ በፐርሰንት ይጻፋል። ቤንዚኑ ተቃጥሏል፣ ግን አየር አጥሮት በቅጡ አልተቃጠለም ማለት ነው። ሲበዛ ቤንዚን በዝቷል ብላችሁ ያዙ። ሃይድሮካርቦን በፒፒኤም (ከሚሊዮን ስንት እጅ) ይጻፋል፤ ጭራሽ ሳይቃጠል የወጣ ቤንዚን ወይም ዘይት ነው። ኦክስጅን ከቃጠሎ የተረፈ አየር ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የጥሩ ቃጠሎ ውጤት ስለሆነ እዚህ ወረቀት ላይ ከፍ ሲል ጥሩ ነው። ኖክስ የሚባለው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሁሉም ቦታ አይለካም፤ ሞተሩ ጭነት ላይ ካልሆነ ብዙም ስለማይወጣ መኪናዋ ሮለር ላይ ወጥታ ካልተሞከረች ቁጥሩን ላታገኙት ትችላላችሁ።

ካታሊስት ያላት ጤነኛ መኪና ሞቃ ስትለካ ሞኖክሳይዷ ከ0.5 ፐርሰንት በታች፣ ሃይድሮካርቦኗ ከ100 ፒፒኤም በታች፣ ኦክስጅኗ ከ1 ፐርሰንት በታች፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዷ 14 እና 15 አካባቢ ነው። ላምዳ የሚል ቁጥር ካለ 1 ዙሪያ መሆን አለበት። 1 ማለት ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ገብቷል ማለት ነው፤ ከ1 ካነሰ ቤንዚን በዝቷል፣ ከበለጠ አየር በዝቷል። ካታሊስት የሌላት የካርቡራተር መኪና ላይ ሞኖክሳይድ 1 እና 2 ፐርሰንት ቢሆን አይግረማችሁ። የሚፈቀደው ልክ እንደ መኪናዋ ዕድሜ ይለያያል፣ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ከውጤቱ ጎን አለ።

አሁን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሳይሆን አንድ ላይ እዩዋቸው። ሞኖክሳይድ 3.8፣ ሃይድሮካርቦን 210፣ ኦክስጅን 0.3፣ ላምዳ 0.89 የሚል ወረቀት ይዛችኋል እንበል። ኦክስጅኑ አልቋል፣ ሞኖክሳይዱ ሞልቷል፤ ይቺ መኪና ቤንዚን እየጠጣች ነው፣ ካንዴላ መቀየር አያድናትም። ሌላ ወረቀት ደግሞ፦ ሞኖክሳይድ 0.3፣ ሃይድሮካርቦን 1450፣ ኦክስጅን 4.2። ሳይቃጠል የወጣ ቤንዚን አለ፣ ሳይነካ የወጣ አየርም አለ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ወጥተዋል። አንዱ ሲሊንደር እየሳተ ነው። ሦስተኛው፦ ሞኖክሳይድና ሃይድሮካርቦን ምንም አይሉም፣ ግን ኦክስጅን 5.4፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 11። ይሄ ምናልባት የሞተር ችግር ላይሆን ይችላል። የጭስ ማውጫው የሆነ ቦታ ተበስቶ ንጹህ አየር እየሳበ ነው፣ ወይም የመለኪያው ቱቦ በደንብ አልገባም።

በሚኒሞ (መርገጫው ሳይነካ ሞተሩ ሲዞር) እና በደቂቃ 2500 ዙር ለየብቻ ከተለካ ሁለቱን አስተያዩ። በሚኒሞ ወድቃ በ2500 ካለፈች የሚኒሞ ማስተካከያውን፣ የአየር ሌባውን (በስንጥቅ ሾልኮ የሚገባውን አየር)፣ ሚኒሞ ላይ የሚስት ሲሊንደርን ጠርጥሩ። በሁለቱም ከወደቀች ችግሩ ሥር የሰደደ ነው።

2. ምንም ከመፍታታችሁ በፊት

ሞተሩ ስትለካ ሞቃ ነበረች? አጭር መንገድ ነድታችሁ፣ ወረፋ ላይ ቆማችሁ፣ ሞተር አጥፍታችሁ ከገባችሁ ካታሊስቱ ቀዝቅዞ ነበር ማለት ነው። ካታሊስት ሥራ የሚጀምረው 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በታች ያው ብረት ነው። ብዙ ጤነኛ መኪና የሚወድቀው በዚህ ነው።

የዘይት መለኪያውን መዝዙና አሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ወይም ዘይቱ ከልኩ ከፍ ብሎ ከቀጠነ፣ ዘይቱ ሲሞቅ የሚተነው ቤንዚን በመተንፈሻው ቱቦ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባና ሞኖክሳይዱንም ሃይድሮካርቦኑንም ያንረዋል። መለኪያ ማሽን የምታገኙ ከሆነ የመተንፈሻውን ቱቦ ከቫልቭ ክዳኑ ላይ ነቅላችሁ ከውጭ አየር እንዲስብ አድርጉት፤ ሞኖክሳይዱ ወዲያው ቁልቁል ከወረደ ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ። በዚህ ብቻ ያለፉ መኪኖች አሉ። ግን ቤንዚኑ ዘይት ውስጥ እንዴት ገባ የሚለው ጥያቄ ይቀራል፣ እሱን ቀጥለን እናየዋለን።

ከዚያ የጭስ ማውጫው ቀዝቃዛ ሳለ ሞተሩን አስነሱና የማውጫውን ጫፍ ለቅጽበት በወፍራም ጨርቅ ያዝ አድርጉት። ከሥር የሆነ ቦታ ፉስ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ቀዳዳ አለ። መገጣጠሚያዎቹ ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ካያችሁም ያው ነው። ይህንን ሳትደፍኑ የኦክስጅን ቁጥርም፣ ላምዳም፣ ሴንሰሩ የሚለውም አይታመንም። ስለዚህ ቀድሞ ይደፈን።

3. ሞኖክሳይድ ከፍ ካለ

ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የአየር ፊልትሮ ይላል። ካርቡራተር ላላት እውነት ነው፣ የታፈነ ፊልትሮ ቤንዚን ያስመጥጣታል። ኢንጀክሽን ላይ ግን ኮምፒውተሩ የሚገባውን አየር እየለካ ቤንዚን ስለሚሰጥ ፊልትሮው ሰው እንደሚያስበው ጭሱን አያበላሽም። ከቆሸሸ ቀይሩት፣ ግን ተአምር አትጠብቁ።

ካርቡራተር ከሆነ ሞተሩ ሲሞቅ ቾኩ (ሞተር ሲቀዘቅዝ አየር የሚያጠበው ክዳን) ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ከላይ በዓይናችሁ እዩ። ግማሽ ላይ ቀርቶ የተጣበቀ ቾክ በጣም የተለመደ ነው። ቀጥሎ የተንሳፋፊው ከፍታና ቤንዚን የሚዘጋው መርፌ፦ መርፌው ካለቀ ሞተር ሲጠፋም ቤንዚን ወደ ውስጥ ሊንጠባጠብ ይችላል። የሚኒሞ ድብልቅ ብሎኑን የምትነኩት እነዚህ ካለፉ በኋላ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ በሩብ ዙር ሩብ ዙር እያላችሁ ነው። ብሎኑ የሚኒሞን ብቻ ነው የሚያስተካክለው፤ በ2500 ዙር የወደቀችን መኪና በዚህ ብሎን ለማዳን የሚታገል መካኒክ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ኢንጀክሽን ላይ እኔ መጀመሪያ የምይዘው የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያውን ነው፣ ምክንያቱም ሰከንድ አይፈጅም። ኢንጀክተሮቹ ባሉበት የነዳጅ ቧንቧ ጫፍ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ቆርቆሮ ናት፣ ከላይዋ ቀጭን የጎማ ቱቦ ወደ አየር ማስገቢያው ይሄዳል። ቱቦዋን ንቀሉና ውስጧን እዩ። ደረቅ መሆን አለባት። እርጥብ ከሆነች ወይም የቤንዚን ሽታ ካላት ውስጧ ያለው ስስ ጎማ ተቀዷል፣ ሞተሩም በዚያች ቱቦ ጥሬ ቤንዚን በቀጥታ እየመጠጠ ነው። ኮምፒውተሩ ይህንን ቤንዚን አያውቀውም፣ የቻለውን ያህል ይቀንሳል፣ አይበቃም። ሁሉም መኪና ላይ ቱቦዋ የለችም፣ ካለች ግን አትለፏት።

ቀጥሎ የሙቀት ሴንሰሩ። ለኮምፒውተሩ «ሞተሩ ገና ብርድ ነው» ብሎ ከዋሸ ቤንዚን እየጨመረ ይኖራል። በቴስተር ለኩት፦ በአብዛኞቹ መኪኖች ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ 20 ዲግሪ አካባቢ፣ ከ2000 እስከ 3000 ኦም ያሳያል፣ ሲሞቅ ወደ 200 እና 300 ኦም ይወርዳል። ሞቆም ሺዎቹ ላይ ከቆመ ጥፋተኛው ተገኘ። ግን ከመፍረዳችሁ በፊት ሞተሩ በእርግጥ መሞቁን አረጋግጡ። ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ከቀረ ወይም የሆነ ሰው አውጥቶ ከጣለው (ይሄ «እንዳትሞቅብህ» ተብሎ የሚሠራ ሥራ ነገር) ሞተሩ መቼም ልኩ ላይ አይደርስም፣ ሴንሰሩም እውነቱን ነው የሚናገረው።

የኦክስጅን ሴንሰሩ ዞሮ ዞሮ ይመጣል። የተለመደው ዓይነት ሲሠራ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ሳያቋርጥ ይወዛወዛል። አርጅቶ የሰነፈ ሴንሰር በቀስታ ይሄዳል ወይም አንድ ቦታ ይቆማል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ 0.9 አካባቢ የተተከለ ሴንሰር ላይሞት ይችላል፣ እውነትም ቤንዚን በዝቶ ያንኑ እየነገራችሁ ይሆናል። ለመለየት ከአየር ማስገቢያው አንድ ትንሽ ቱቦ ነቅላችሁ አየር አስገቡ፤ ቮልቱ ወዲያው ከወረደ ሴንሰሩ ደህና ነው፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

4. ሃይድሮካርቦን ከፍ ካለ

ካንዴላዎቹን ፍቱና በተፈቱበት ቅደም ተከተል ጋዜጣ ላይ ደርድሯቸው። ሁሉም ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሱ ወደ ቁጥር 3 ተመለሱ። ቡናማ ቀለም ያለው ጤነኛ ነው። አንዱ ብቻ እርጥብ ሆኖ ቤንዚን ከሸተተ ያ ሲሊንደር አይቃጠልም። አንዱ በዘይት ከተቀባ ዘይት እየገባበት ነው። አራቱም አንድ ዓይነት መሆናቸውና አንዱ ብቻ መለየቱ ትልቅ ልዩነት ነው፤ የመጀመሪያው የጋራ ችግር ነው፣ ሁለተኛው የዚያ ሲሊንደር።

ከዚያ ማታ ጠብቁ። ጨለማ ውስጥ ሞተሩን አስነስታችሁ የካንዴላ ገመዶቹንና ቦቢናውን (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨውን) በሚረጭ ጠርሙስ ውኃ ስስ አድርጋችሁ እርጩባቸው። እጃችሁን አርቁ፣ አትንኩ፣ መንዘሩ ቀላል አይደለም። ሰማያዊ ብልጭታ ሲሮጥ ካያችሁ ወይም ሞተሩ መንቀጥቀጥ ከጀመረ መብራቱ የሚያመልጥበትን ቦታ አገኛችሁ። የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ገልብጡና ውስጡን በእጅ ባትሪ እዩት፦ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው የተሰመረ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ካለ መብራቱ የሚሄደው በዚያ ነው። መጥረግ አያድነውም፣ ክዳኑ ይቀየራል።

የሚስተውን ሲሊንደር ለማወቅ የካንዴላ ገመድ እየነቀሉ መሞከር የቆየ ልማድ ነው። በካርቡራተር ዘመን ያስኬድ ነበር። አሁን ግን ቦቢና ሊያቃጥል ይችላል፣ ያልተቃጠለውም ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ እዚያ ይነድዳል። የኢንጀክተሩን ሶኬት አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ሲነቀል በሞተሩ ድምፅ ላይ ለውጥ ያላመጣው ሲሊንደር ቀድሞም አይሠራም ነበር።

መብራቱ ደህና ከሆነ አየር ሌባ ፈልጉ። የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ የለቀቀ የማስገቢያ ጋስኬት አየር ሲያስገባ ድብልቁ እስከማይቀጣጠል ይሳሳል፣ ሃይድሮካርቦኑም ይነሳል። በጆሮ ፉጨት ስሙ፣ ቱቦዎቹን በጣት ጨመቅ ጨመቅ አድርጓቸው፣ የጠረጠራችሁት መገጣጠሚያ ላይ ጥቂት ውኃ እርጩ፤ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ እዚያ ነው። የካርቡራተር ማጠቢያ የሚረጩ ብዙ ናቸው፣ ይሠራል፣ ግን በሞቀ የጭስ ማውጫ አጠገብ ተቀጣጣይ ነገር መርጨት የኔ ምክር አይደለም።

ይሄ ሁሉ ካለፈ የኮምፕሬሽን መለኪያ ተውሱ። ካንዴላዎቹ ሁሉ ይውጡ፣ የቤንዚን መርገጫው እስከ መጨረሻው ይረገጥ፣ ነዳጁና መብራቱ ይቋረጥ፣ ከዚያ ሞተሩን አዙሩት። ዋናው ነገር በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ አንድ ማንኪያ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሩና ድገሙት። ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ነው፣ ግን ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ከማውረዳችሁ በፊት የቫልቩን ክፍተት ለኩ፤ የጠበበ ክፍተት ቫልቩ እንዳይገጥም ስለሚያደርገው ማስተካከል ብቻ ሊያድነው ይችላል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ የቴስታታ ጋስኬቱ በመካከላቸው ተበልቷል።

አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው ያሳስታል። ሲሊንደር ሲስት ያልተቃጠለው ኦክስጅን ወደ ሴንሰሩ ይደርሳል። ሴንሰሩ ቤንዚን አያይም፣ ኦክስጅን ብቻ ነው የሚያየው። «አየር በዝቷል» ብሎ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩም ለሁሉም ሲሊንደሮች ቤንዚን ይጨምራል። በዚህ ጊዜ ሃይድሮካርቦንም ሞኖክሳይድም አብረው ከፍ ይላሉ፣ ጥፋቱ ግን አንድ ያለቀ ካንዴላ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ከፍ ካሉባችሁ መብራቱን ቀድሙ።

5. ኖክስ ከፍ ካለ

ኖክስ የሙቀት ልጅ ነው። ቃጠሎው ከልክ በላይ ሲግል ይፈጠራል። ጭስ መልሶ ወደ ሞተር የሚያስገባው ቫልቭ (ኢጂአር) ይህንን ሙቀት ለማውረድ ነው የተሠራው፣ በአሮጌ መኪና ላይ ደግሞ መንገዱ በካርቦን ይደፈናል። በቫኩም የሚሠራ ከሆነ ሞተሩን በሚኒሞ ይዛችሁ በእጅ ፓምፕ ክፈቱት፤ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ወይም መጥፋት አለበት። ምንም ካልመሰለው ቫልቩ ቢከፈትም መንገዱ ዝግ ነው፣ ይጠረግ። ከዚህ ውጪ የራዲያተር መደፈን፣ ቀድሞ የሚመታ ታይሚንግ (ካንዴላው ከጊዜው ቀድሞ ሲያቀጣጥል) እና የሳሳ ድብልቅ ናቸው ተጠርጣሪዎቹ።

6. ኮምፒውተሩ የሚለው

መኪናዋ የዲያግኖስቲክ ሶኬት ካላት ርካሽ ማንበቢያ ይበቃል። ኮዱ ተጠርጣሪ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም፤ ፒ0420 (ካታሊስቱ ደክሟል) ስላለ ካታሊስት አይገዛም፣ ፒ0171 (ድብልቁ ሳስቷል) ስላለ ሴንሰር አይቀየርም። እኔ ከኮዱ ይልቅ የምወደው የነዳጅ ማስተካከያ ፐርሰንቱን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ስንት እንደደመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየውን ቁጥር ነው። ከ10 በታች ሲደመርም ሲቀነስም ደህና ነው። በሚኒሞ ብዙ እየደመረ በ2500 ዙር ወደ ዜሮ ከተመለሰ አየር ሌባ አለ። ዙር ሲጨምር ድመራውም ከጨመረ ነዳጅ አልደረሰም፦ ፖምፓ ወይም ፊልትሮ። ብዙ የሚቀንስ ከሆነ ቤንዚን ከሆነ ቦታ ሾልኮ እየገባ ነው።

ኮዱን አጥፍታችሁ ወይም ባትሪ ነቅላችሁ በዚያው ወደ ምርመራ አትሂዱ። ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻዎች እንደገና እስኪጨርስ «ዝግጁ አይደለም» ይላል፣ ሶኬቱን የሚያነብ መርማሪ በዚህ ብቻ ይመልሳችኋል። ጥቂት ቀናት ከተማም ረጅም መንገድም ንዷት።

7. አሁን ካታሊስቱ

ላዩ ያለው ሁሉ ደህና ከሆነ ብቻ። የቀዘቀዘ ሳለ በቡጢ መታ መታ አድርጉት፤ የሚንኳኳ ነገር ካለ ውስጡ ተሰባብሯል። በደንብ ሞቆ ሳለ ጭሱ ውስጥ 1 ፐርሰንት የሚሆን ኦክስጅን እያለ ሞኖክሳይዱም ከ0.5 በላይ ከሆነ፣ የጭስ ማውጫውም ቀዳዳ ከሌለው፣ ካታሊስቱ ኦክስጅን ቀርቦለት አላቃጠለም ማለት ነው። ሞቷል። ኦክስጅኑ ዜሮ አጠገብ ሆኖ ሞኖክሳይዱ ከፍ ካለ ግን የሚያቃጥልበት ነገር የለውም፣ አትፍረዱበት፣ ቤንዚኑን ቀንሱለት። መኪናዋ ዳገት ላይ ጉልበት ካነሳትም ታፍኖ ይሆናል፤ የፊተኛውን የኦክስጅን ሴንሰር ፈትቶ በቀዳዳው ግፊት መለካት ነው፣ በ2500 ዙር ከ0.2 ባር ካለፈ ተደፍኗል።

ናፍጣ ከሆነ

የሚለካው የጭሱ ጥቁረት ነው፣ ቀለሙም ራሱ ይናገራል። ጥቁር ጭስ ናፍጣ በዝቶ ወይም አየር አንሶ ነው፤ እዚህ ላይ የአየር ፊልትሮ በእርግጥ ወሳኝ ነው፣ ከሱ በኋላ ኖዝልና የቱርቦ ቱቦዎች። ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፣ ሰማያዊ ደግሞ ዘይት። ለምርመራው ሞተሩ እስከ ከፍተኛው ዙር ስለሚረገጥ ዘይቱና የታይሚንግ ቺንጋው ደህና መሆናቸውን ቀድማችሁ እወቁ።

ስትመለሱ

ዘይቱ አዲስ ይሁን። ከመግባታችሁ በፊት 20 ደቂቃ ያህል ዝቅ ባለ ማርሽ ዙሩን ከፍ አድርጋችሁ ንዱ። ወረፋ ላይ ሞተሩን አታጥፉ፣ ተራችሁ ሲቃረብ 2500 ዙር ላይ ትንሽ ያዙት። ነዳጅ ውስጥ ጨምሩት እየተባለ የሚሸጠው ጠርሙስ የቆሸሸ ኢንጀክተር ላይ ትንሽ ሊረዳ ይችላል፤ የተቀደደ ጎማና የተበላ ቫልቭ አይጠግንም።

እንደገና ከወደቀች ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጡና የትኛው ቁጥር እንደተንቀሳቀሰ እዩ። ሞኖክሳይዱ ከ3.8 ወደ 1.1 ወርዶ ከሆነ ትክክለኛው መንገድ ላይ ናችሁ፣ ከዚያው ዝርዝር የቀረውን ቀጥሉ። አንዱም ቁጥር ካልነቃነቀ የቀየራችሁት ዕቃ ደህና ነበር ማለት ነው፣ አሮጌውን ካልጣላችሁት መልሳችሁ ግጠሙት።